መኪናው የሰማው መልእክት

ሉብና የጓደኛዋን የኑኃሚንን የድምፅ መልእክት ለአራተኛ ጊዜ ከፈተችው። መልእክቱ ይሄዳል፤ ድምፅ ግን የለም። ድምፁን እስከ ጥግ ጨመረችው፤ ስፒከሩ ላይ እፍ እፍ አለችበት። ምንም።

«አቦ፣ ይሄ ስልክ ደግሞ ዛሬ ምን ነካው?»

ቀትር ነበር፤ የመጋላ ሰፈር ሰው ሱቁን ዘግቶ ጋደም የሚልበት ሰዓት። አባቷ ብቻ ነው ቅድም የታክሲውን ቁልፍ ይዞ የወጣው።

ያኔ ስክሪኑ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት አየች። ብሉቱዝ። ባለፈው ዓርብ ለሰርግ ወደ ሐርላ ሲሄዱ ዘፈን ልታጫውት ስልኳን ከታክሲው ጋር አገናኝታ፣ ማላቀቁን ረስታዋለች። መኪናው ደግሞ የቆመው መስኮቷ ሥር ነው። ቁልፉ ሲዞር ራሱ ስልኳን ፈልጎ አግኝቶታል። ክው አለች። ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አጥልቃ ወጣች።

አባቷ አብዲራሺድ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ መሪው ላይ ተደግፏል።

«መጀመሪያ ሬዲዮው የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አላት። «ወላሂ፣ አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ። ‹ሉቢ፣ ቅዳሜ እናንተ ቤት ነው የማጠናው ብያለሁ። እማዬ ከደወለች አብረን ነን በያት። ለሴቶች ኳስ ቡድን ምርጫ ነው የምሄደው፤ ከሰማች ትገድለኛለች።›»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሉብና በሳቅ በሞተች ነበር። አሁን ግን አፈረች። የኑኃሚን እናት ወይዘሮ ማዘንጊያ ከሰዓት ወደ ቢሮ የሚሄዱት በዚሁ ታክሲ ነው፤ አባቷም እሳቸውን ሊወስድ መነሳቱ ነበር።

«ትነግራቸዋለህ እንዴ፣ አባ?»

«የልጅ ምስጢር ይዤ ወደ እናቷ አልሮጥም። ግን ‹ቅዳሜ ልጄ እናንተ ጋ ናት አይደል?› ብለው ከጠየቁኝ፣ አዎ አልልም። ሴትዮዋ አምነውኝ ነው የሚሳፈሩት።»

«‹ሚኒስትሪ ፈተና ደርሶ ኳስ?› ነው የሚሏት። እሺ አይሏትም።»

«ጠይቃቸው ታውቃለች?»

ኑኃሚን ጠይቃ አታውቅም። ሁለቱም ተቀምጠው እናቷ እንቢ እንደሚሉ ሲያወሩ ነው የከረሙት።

«በይ፣ ስልክሽን ከመኪናዬ አላቅቂልኝ።»

የመኪናውን ስም ከስልኳ ልታጠፋ ስትል ጣቷ ቆመ። ዞራ ከፊት ወንበር ገባችና በሩን ዘጋች።

«ትንሽ ይቆይ፣ አባ።»

ደወለች። ጥሪው መኪናውን ሞላው።

«ሉቢ፣ መልእክቴን ሰማሽው?»

«ቆይ፣ ኑኃ፣ ምንም እንዳትናገሪ። ድምፅሽ በመኪናው ስፒከር ነው የሚወጣው። አባቴም አጠገቤ ነው። መልእክቱን ሰምቶታል።»

ሉብና ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እናትሽን ልንወስዳቸው እየመጣን ነው» አለች ሉብና። «አብረን ነን ብዬ አልዋሽም። ግን አብሬሽ እጠይቃቸዋለሁ። ሒሳቡን እኔ አስጠናታለሁ እላቸዋለሁ።»

ሉብና ጓደኛዋን ያጣች መሰላትና ፈራች። አብዲራሺድ ወደ መንገዱ ዞሮ ምንም እንዳልሰማ ሆነ።

«እንቢ ካለችስ?» አለች ኑኃሚን በመጨረሻ።

«አብረን እንበሳጫለና።»

ከስፒከሩ አጭር ሳቅ ተሰማ።

«ማሊያዬን ከቦርሳዬ ሥር ቀብሬዋለሁ። እዚያው ይቆይ ወይስ ይዤው ልውጣ?»

«ይዘሽው ውጪ» አለች ሉብና፤ ቀበቶዋንም አሰረች።