እስከ ፋሲካ የተቀመጠ ወተት

«አባቴን ወሰዱት!»

ሶፊያ የጓሮውን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ትርንጎ የጣሊያኑን የከብት ሐኪም የወተት ባልዲ በአመድ እያሸች ነበር። ሶፊያ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ሱቅ ያላቸው የአያ የሱፍ ልጅ ናት፤ ሻሿ ከራሷ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ዛሬ አንገቷ ላይ ወድቋል።

«ማን ነው የወሰዳቸው? ለምን?»

«ያ ባንዳ ይርጋ ነዋ! ጉና ላይ አንድ አርበኛ ዋሻ ውስጥ ሞቶ አገኙ። የወተት ቅል ይዞ። ወተቱ ቡናማ ነው፤ ካፒታኖው ቀመሰውና ጣፈጠው። ስኳር አለበት አለ። በዚህ አገር ስኳር የሚሸጥ ማን ነው? አባቴ! ለሽፍታ ስንቅ ታቀብላለህ ብለው አሰሩት። ነገ ገበያው መሃል ሊሰቅሉት ነው፣ ትርንጎ!»

የትርንጎ እጅ ባልዲው ውስጥ ቆመ።

«ቅሉ ምን ዓይነት ነው?»

«እኔ ስለ አባቴ አወራለሁ፣ አንቺ ስለ ቅል?»

«ምን ዓይነት ነው አልኩሽ!»

«ምኑን አውቄው! ጎኑ ተሰንጥቆ በቀይ ክር የተሰፋ ነው አሉ። ሟቹ እቅፍ አድርጎት ስለነበር ጣቶቹን ፈልቅቀው ነው የወሰዱት።»

በቀዩ ክር የሰፋችው ትርንጎ ናት። ቅሉ የእናቷ ነው። ሟቹም ታላቅ ወንድሟ ሙላቴ ነው።

አላለቀሰችም፤ ባልዲውን እንደገና በአመድ ማሸት ጀመረች። በጣሊያን ግቢ ውስጥ ለአርበኛ የሚያለቅስ ሰው በራሱ ቤት ላይ እሳት ይጠራል፤ እቤት ደግሞ እናቷ ውዴ ብቻዋን ናት።

«ጎድሎ ነበር ወይስ ሙሉ?»

«ዛሬስ አብደሻል። ሙሉ ነበር። ክዳኑ እንኳ አልተነካም አሉ።»

ትርንጎ አመዱ ላይ ቁጭ አለች።

ሙላቴ ልጅ ሳለ የታወቀ የስልባቦት ሌባ ነበር። እናታቸው ወተት አፍልታ ዞር ስትል፣ ከላይ የረጋውን ስስ ቆዳ በጣቱ ጠቅልሎ ይውጣል፤ ከዚያ «ድመቷ ናት» ይላል። እግሩን በጥይት ከተመታ በኋላ ጉና ላይ ተደብቆ ቀረ። ድንች ሊሸጡ ከገሳይ የሚመጡ አንዲት ሴትዮ ነበሩ መልእክቱን የሚያመላልሱት። ትርንጎ ቅሉን በድንች ጆንያ ውስጥ ደብቃ በእሳቸው ላከችለት። ወሩ ሁዳዴ ነው፤ ወተት አይቀመስም። ግን የቆሰለ ሰው መቼ ይጾማል? ቄሱ ይፈቱታል። ይህን እያወቀች ምላሷ አላርፍ አላት። «ሌባው ከፋሲካ በፊት ቢነካው ወንድሜ አይደለም በሉት» አለች። ሴትዮዋ ስቀው ሄዱ።

ሙላቴ ግን አልሳቀም። ወይም ስቆ፣ ቃሏን አከበረ።

«ትርንጎ! ምን ሆንሽ?» ሶፊያ ትከሻዋን ነቀነቀቻት።

«ስኳር የለበትም» አለች ትርንጎ።

«ምን አልሽ?»

«ወተቱ። ስኳር የለበትም።»

ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። በጥር አንድ ጠዋት የሐኪሙን ወተት ምድጃ ላይ ረስታ ቡናማ አድርጋው ነበር። ስድብ ስትጠብቅ፣ ዶቶሬ የምትለው ሐኪሙ ማንኪያ ነክሮ ላሰና ሳቀ። ከብት ከማከም ማስተማር የሚወድ ሰው ነው፤ አማርኛው እንደ አንካሳ በቅሎ ቢያነክስም ከመንገድ አይቀርም።

«ወተት የራሱ ስኳር አለው» አላት። «አይብ የሚሆነው ነገር ደግሞ ክር ነው። በዓይን አይታይም። ተጠቅልሎ ተቀምጧል።»

«እንደ ልቃቂት?»

«ልቃቂት ምን?»

ከጥግ የተፈተለ የጥጥ ድውር አንስታ አሳየችው።

«አዎ! ልቃቂት! እሳት ሲነካው ይላላል፤ ውስጥ የተደበቀው ወደ ውጭ ይወጣል። ክሩ ላይ ትንንሽ እጆች አሉ። ስኳሩን የሚይዙት እነሱ ናቸው።»

«እንደ ጭጎጎት፤ ቀሚስ ላይ እንደሚጣበቀው።»

«እንደዚያ። ብዙ ሲበስል መልኩ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ እጁንና ስኳሩን መለየት የለም። ያዘ፣ አለቀ።»

ትርንጎ በዓይን የማይታየውን ክር አላመነችም ነበር። እቤቷ በኩበት እሳት ሞከረችው። ቀስ እያለ፣ እያማሰለች፣ ወተቱ ወፈረ፤ እንደ ማር ሆነ። ቶሎ አይበላሽም። አመነች። ለሙላቴ የላከችው ያንን ነው።

አሁን ዝም ብትል አያ የሱፍ ይሰቀላሉ። ብትናገር ደግሞ «አንቺ በምን አወቅሽ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ከዚያ ጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣው የወንድሟ ስም ነው፤ ከወንድሟ ስም ቀጥሎ የእናቷ ቤት። አመዱን ከቀሚሷ አራገፈችና ተነሳች።

ዶቶሬ በረንዳው ላይ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ዶቶሬ፣ ስለ ወተት የነገሩኝን ለካፒታኖው ይንገሩት። አያ የሱፍን ያለ ኃጢአታቸው ሊሰቅሏቸው ነው።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። «ያንን ነገር ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ያለችው የገባት። ለማንም ካልነገረች፣ ያበሰለችው ራሷ ናት። የዶቶሬ እጅ የጫማው ክር ላይ ቆየ። ከዚያ ቆቡን አንስቶ አደረገ።

«ትኩስ ወተትና ድስት ያዢ» አላት።

ካፒታኖው ቢሮ ውስጥ ቅሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ትርንጎ አላየችውም፤ ማለትም እንዳላየች ሆነች። ዶቶሬ ወተት በራሱ እንደሚጣፍጥ ለካፒታኖው ሲያስረዳ፣ እሷ ከሰል ማንደጃው ፊት ተንበርክካ ማማሰል ጀመረች። አያ የሱፍ ጥግ ላይ እጃቸው ታስሯል። ወተቱ ፈላ፣ ጎደለ፣ ወፈረ፣ ነጭነቱን እየጣለ ሄደ።

ካፒታኖው ሰለቸውና ቅሉን በዱላው ነካ ነካ አደረገው። አንድ ነገር ተናገረ፤ ይርጋ ሳይጠየቅ ወደ አማርኛ መለሰው።

«በቁስሉ ብቻ አይደለም የሞተው፣ ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል ይላል። ምግብ ታቅፎ በረሃብ የሚሞት ምን ዓይነት ጅል ነው ይላል።»

ከዚያ ይርጋ ራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሁዳዴ ነው፣ ካፒታኖ። ፋሲካን እየጠበቀ ነበር» አለ።

ካፒታኖው ሳቀ።

ትርንጎ ማማሰያውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከቆመ ወተቱ ያራል፤ ካረረ አያ የሱፍ ይሞታሉ። አላቆመችም። ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል አማሰለች። እንባዋን ያዩ ጭሱ ነው እንዲሉ፣ ወደ ከሰሉ ጠጋ አለች።

ወተቱ የቅሉን ወተት መሰለ። ካፒታኖው ከሁለቱም በማንኪያ ቀመሰ፤ ደግሞ ቀመሰ። ማንኪያውን ለይርጋ ሲዘረጋለት፣ ይርጋ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እኔም እጾማለሁ፣ ካፒታኖ።»

አገሩን ሽጧል፤ ጾሙን አልሸጠም። ትርንጎ በዚያች ሰዓት እንኳ ይህን ታዘበች።

«ታዲያ ይህን ማን አበሰለው?» ካፒታኖው ዶቶሬን ጠየቀ።

«ላምና ትዕግሥት ያላት ሴት ሁሉ» አለ ዶቶሬ። ወደ ትርንጎ አላየም።

አያ የሱፍን ፈቷቸው። ካፒታኖው ቅሉን በዱላው ወደ ትርንጎ ገፋው። «ይህን ቆሻሻ ጣዪው።»

ውጭ ሲደርሱ ዶቶሬ «ከነገ ጀምሮ አትምጪ» ብሏት ሄደ። ሶፊያ አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፤ ማንም አይከለክላትም። ትርንጎ ቀናችባት።

«አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ፣ ልጄ» አሉ አያ የሱፍ። ከዚያ ቅሉን እንዴት እንደያዘችው አዩ። በሁለት እጇ፣ ደረቷ ላይ።

«ትርንጎ...» ሶፊያ ቀረበች። «ቅሉ... የማን ነው?»

«አባትሽን እቤት አስገቢ።»

ሶፊያ አልሄደችም። ሻሿን ከአንገቷ ፈታ ቅሉን ሸፈነችው፤ ቀዩ ክር እንዳይታይ ጥግና ጥጉን ቋጠረችው። «እንዲህ ያዢው» አለች።

ትርንጎ እቤት ስትደርስ እናቷ ለፋሲካ ጠላ የሚሆን ገብስ ትለቅማለች።

«መጣሽ? ሙላቴ ለፋሲካ ከወረደ ብዬ ገብሱን ጨመር አድርጌዋለሁ» አለች ውዴ ቀና ሳትል። «እሱ እንደሆነ መቼም አንድ ዋንጫ አይበቃው።»

ከበሩ ጎን የእህል ጎታው አለ። ቅሉን እዚያ ብትጥለው ማንም አያየውም። እናቷ በዓሉን በደስታ ትዋል፤ እስከ ፋሲካ ብቻ...

እስከ ፋሲካ።

ትርንጎ በሩን ዘጋች፤ መወርወሪያውንም ወረወረች። የሶፊያን ሻሽ ሳትፈታ ከእናቷ ጉልበት ሥር ቁጭ አለች፤ ገብሱንም ከእናቷ እጅ ቀስ አድርጋ ተቀበለቻት።

«እምዬ» አለች። «ነጠላሽን አፍሽ ላይ ያዢና ስሚኝ።»