ከኦላና ወገን የታየ ቼዝ

የጋሼ ጥበቡ ስልክ ከሳሎናቸው ተሰረቀ። መቱ ከተማ ላይ ስልክ ጠፋ ቢባል ማን ዞር ብሎ ያያል? እሳቸው ግን ፖሊስ ጣቢያ መጥተው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

«ዋጋው አይደለም» አሏት ሳጅን መታሰቢያን። «ከኦላና ጋር የተጫወትነው ቼዝ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ኦላናን ቀበርኩ፤ አሁን ደግሞ ጨዋታውን።»

ጡረተኛ መምህር ናቸው። የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው ኦላና ክረምት ላይ አረፈ። ጨዋታው ጥሩ ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር ጋሼ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ሰሌዳውን ፎቶ ያነሱ ነበር።

«ቤትዎ ማን ገባ?»

«ስልክ ጠጋኙ ፋኦል። የኦላና ልጅ ዋሪቱም ማር ይዛልኝ መጥታ ነበር። እሷን ግን እንዳትጠረጥሪያት፤ ልጄ ናት።»

ሳጅኗ ፋኦልን አፋጠጠችው።

«ስልኩን ልግዛዎ ብለሃቸዋል?»

«ብያለሁ። እሺ ብለውኝ ነበር።»

«እሺ?»

«ፎቶውን ሁሉ አጥፍተው ሊሸጡልኝ። ‹ሳየው ያመኛል› አሉኝ። ዋሪቱም እዚያው ነበረች።»

ጋሼ ይህን ሲጠየቁ አንገታቸውን ደፉ። መቼም ሐዘንተኛ አፉ ላይ የመጣውን ሁሉ ይናገራል። በማግስቱ ተጸጽተው ስልኩን ቢፈልጉ የለም።

ብዙም ሳይቆይ ቴሌግራም ላይ ስም የሌለው ቻናል ተከፈተ። እነዚያው ጨዋታዎች ኢንተርኔት ላይ ባለ ሰሌዳ እንደገና ተደርድረው፣ «እርስዎ ቢሆኑ ምን ይጫወታሉ?» የሚል ጥያቄ ከሥራቸው ተጽፏል። ጋሼ በጎረቤት ስልክ ከፍተው ለሳጅኗ አሳዩአት።

እሷ ቼዝ አታውቅም፤ ዓይን ግን አላት።

«እርስዎ በየትኛው ነበር የሚጫወቱት?»

«በነጩ። ‹ነጩ ለታላቅ ነው› እያለ ኦላና አንድ ቀን ወስዶብኝ አያውቅም።»

«እንግዲያው እርስዎ ባነሱት ፎቶ ላይ ከታች ያለው ነጩ ነው። እዚህ ግን ሁሉም ላይ ጥቁሩ ነው ከታች። ፋኦል ቢሆን ፎቶውን እንዳለ ይለጥፈው ነበር። ይሄ ሰው ለፍቶ አዙሮታል። ከኦላና ጎን ተቀምጦ ያይ የነበረው ማነው?»

ጋሼ ወዲያው ገባቸው። ከአባቷ ጎን የማትጠፋ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።

ዋሪቱ ጣቢያ ስትጠራ አላስተባበለችም። ስልኩን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ለምን ሰረቅሽ?» አለቻት ሳጅኗ።

«ሊያጠፉት ነው ብዬ። እንዳላስቀራቸው ሐዘናቸውን ፈራሁት። አባቴ ካለበት ሆኜ ደረደርኩት፤ እሱ እንዳየው ሰው ይየው ብዬ። ከቡሬ ሁሉ መልስ የሚልኩ አሉ።» እንባዋ ቀደማት። «እንደፈለጉ ይፍረዱብኝ፣ ጋሼ።»

«ክሱን እንቀጥል?» አለች ሳጅኗ።

ጋሼ ስልኩን ተቀብለው ቻናሉን ከፈቱ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሰሌዳውን ከኦላና ወንበር ሆነው አይተውት አያውቁም። ብዙ ቆዩበት።

«የምን ክስ?» አሉ በመጨረሻ። ልጅቱን ወደ ራሳቸው ስበው ግንባሯን ሳሟት፤ በአባቷ ቋንቋም አመሰገኗት። «ገለቶሚ፣ ልጄ። ባትሰርቂኝ ኖሮ በገዛ እጄ አጥፍቼው፣ እስክሞት ጣቴን ስነክስ እኖር ነበር።»