የተሰረዘው ዓመት

ዶክተር ሂኔክ ቮካል ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቶ የተገኘው፣ በፕራግ የቼኮቹ ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅ ቋንቋዎችን የፕሮፌሰርነት ወንበር ሊረከብ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሻዩ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኘ። ሰዉ ሁሉ «ራሱን ገደለ» አለ፤ ቄሱም ከቤተ ክርስቲያን መቃብር አይገባም አሉ።

መርማሪ ኩድርና ግን ታጥቦ የተደፋ ሁለተኛ ኩባያ አየ።

«እኔ እህቴ ቤት ነበርኩ» አለች ሚስቱ ሉድሚላ፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ። «ሂኔክ ኩባያ አጥቦ አያውቅም። ሊሞት ሲል ይጀምራል? እባክዎ ጌታዬ፣ እንደ ሰው ልቅበረው።»

የትምህርት ጓደኛው ስቲቦር አልደበቀም። «አዎ፣ እቀናበት ነበር! ካይሮ የተላከው እሱ፣ ወንበሩም ለእሱ! ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ማታ ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ፤ ሃያ ሰው አይቶኛል።»

ለሁለቱም አረብኛ ያስተማሩት ሽማግሌው ዶሌዣል ደግሞ «እዚያ ቤት ከረገጥኩ ወር አልፎኛል። ልጄ ነበር እኮ» አሉ።

ኩድርና ቅናትን ከሩቅ ያሸታል፤ የእሱንም ሹመት ትናንት የተቀጠረ ወስዶበታል። ጠረጴዛው ላይ ሟቹ ስለ አንድ የአረብ ባለቅኔ የጻፈው መጽሐፍ የኅትመት ረቂቅ ነበረ። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ አንድ ዓመተ ምሕረት በእርሳስ ተሰርዞ፣ በሟቹ እጅ ባልተጻፈ ቁጥር ተተክቷል።

በማግስቱ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው።

«ወይዘሮ ሉድሚላ፣ ይጽናኑ። የባልዎ መጽሐፍ እንከን የለውም ይባላል። አስተማሪውንም በልጧል አሉ።»

የዶሌዣል ፊት ደም መሰለ። «እንከን የለውም? ባለቅኔው የሞተበትን ዓመት እንኳ ማስላት ያቃተው! አርባ አንደኛው ገጽ ላይ...»

«ረቂቁ ከማተሚያ ቤት የደረሰው ሂኔክ በሞተበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በአስር ሰዓት ነው» አለ ኩድርና ረጋ ብሎ። «ከእሱና ከእኔ በቀር ያየው፣ በእርሳስ ያረመው ሰው ብቻ ነው። ወይዘሮ ሉድሚላ አረብኛ አያውቁም። ስቲቦር ምስክር አለው። እርስዎ ግን ሻዩን አጠጥተው፣ እስኪያሸልበው ድረስ ረቂቁን አነበቡ። ኩባያዎን አጠቡ፤ የተማሪዎን ስህተት ግን ሳያርሙ መውጣት አልሆነልዎትም።»

«ሃያ ዓመት ያለ ወንበር አስተማርኩ!» ጮኹ ዶሌዣል። «ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ! ማን አስተማረህ ያለው አንድ ሰው የለም። ቀናሁ፣ አንጀቴ አረረ! ቢሆንም ተሳስቷል!»

«ቄሱ ይቀብሩታል?» አለች ሉድሚላ።

«ይቀብሩታል።»

ስቲቦር ረቂቁን አንስቶ ወራቱን ቆጠረ። «መምህር፣ ያን ጊዜ በጨረቃ የሚቆጠረው የአረቦቹ ዓመት የገባው መስከረም ላይ ነው። ባለቅኔው በሰባተኛው ወር ሞተ፤ መጋቢት ማለት ነው። በመሃል፣ ጥር ላይ፣ የአውሮፓ ዘመን ተለውጧል፤ እርስዎ ያለፈውን ዓመት ጻፉ። ሂኔክ ልክ ነበር።»

ዶሌዣል ፖሊሱ ክንዳቸውን ይዞ ሲወስዳቸው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። በሩ ላይ ቆመው እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ለሟቹ ያልወጣው እንባቸው ወረደ።