በጾም የማይዘመረው

መጀመሪያ ያለኝ ነገር «ድምፅሽ ያምራል» አይደለም። እንደዚያ ቢለኝ ኖሮ እኔም ትንሽ ኮራ ብዬ ታሪኬን እጀምር ነበር። ያለኝ «ያለቦታው ተነፈስሽ» ነው።

የምሠራው ላውንደሪ ቤት ነበር። ያን ቀን የአንድ ሆቴል አንሶላ ተከምሮብኝ፣ ካውያውን እየገፋሁ እሁድ ቅዳሴ ላይ የሰማሁትን መዝሙር አንጎራጉራለሁ። ቀና ስል ባንኮኒው ጋ አንድ ቀጭን ሰው የመዘምራኑን ነጭ ቀሚሶች በፌስታል ታቅፎ ቆሟል። አወቅኩት። በካቶሊክ ቁምስናችን መዝሙረ ዳዊት የሚመራው እሱ ነው። እኔ ሁልጊዜ መጨረሻው ወንበር ላይ ስለምቀመጥ እሱ አያውቀኝም።

«ምን አልክ?»

«ስንኙ መሀል ላይ ማረፊያ አለ። አንቺ ዘለልሽው።»

«አንሶላ እየተኮስኩ ነው እኮ፣ ቅዳሴ ላይ አይደለሁም።»

«እሱማ ያስታውቃል። ዜማውንም አብረሽ ተኩሰሽዋል፤ አንዲት ሽብሽብ አልቀረችውም።»

ልሰድበው አፌን ስከፍት ሳቄ ቀደመኝ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን መጨረሻው ላይ ሻከረና ወደ ሳል ተለወጠ። ያኔ ያንን ሳል ልብ ብዬው ቢሆን እላለሁ ዛሬ። ግን የደንበኛ ሳል ማን ይቆጥራል?

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባ አስጠሩኝ። «መዝሙር መሪያችን የሚያግዘው ሰው ይፈልጋል። ላውንደሪ ቤት ያለችውን ልጅ አምጡልኝ አለ» አሉኝ። እኔ እንኳን ሰው ፊት ቆሜ ልዘምር፣ ሰው ፊት ቆሜ ስሜን ስናገር የምደነግጥ ነኝ። እምቢ ልል ነበር። በሩ ጋ ቆሞ ሲጠብቀኝ አየሁትና እሺ አልኩ።

በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ ስወጣ ባዶው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንገናኝ ነበር። እሱም የሚመጣው ከሚሠራበት መነጽር ቤት ነው፤ እጀታው ላይ ሁልጊዜ የመስታወት ብናኝ አይጠፋም። አትሮንሱ ጋ ያቆመኝና እሱ መጀመሪያው ወንበር ላይ ይቀመጣል።

«ሥራሽ ይኼ ነው» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «ምላሹን አንዴ ትዘምሪላቸዋለሽ፣ ሕዝቡ ይደግመዋል። ከዚያ አንቺ ስንኞቹን፣ እነሱ በየመሀሉ ምላሹን። ተራቸው ሲደርስ እጅሽን ታነሺላቸዋለሽ።»

አነሣሁ።

«ትራፊክ ፖሊስ ሆንሽ። መኪና አታስቁሚ፤ ደጅ የቆመ ሰው ግባ እንደምትዪው አድርጊ።» ራሱ ተነሥቶ አሳየኝ፦ መዳፉ ክፍት፣ እጁ እስከ ትከሻው፣ ቀስ ብሎ። «እነሱ ሲዘምሩ ደግሞ አንቺ ዝም። ከማይክሮፎኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ።»

«ለምን? እኔስ መዘመር አምሮኝ ቢሆን?»

«ማይክሮፎን ይዘሽ ከጮህሽባቸው የራሳቸውን ድምፅ አይሰሙትም። መዝሙር መሪ ማለት አስጀምሮ ዝም ማለት የሚችል ሰው ነው።»

የስንኙ መሀል ላይ ያለውን ማረፊያ ለመልመድ ወር ፈጀብኝ። ሰው ሁሉ እዚያ ጋ ይቸኩላል፤ ዝምታ ያስፈራል። እሱ ወንበሩን በጣቱ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ሁለቱን ጠብቄ ነው የምቀጥለው። በእነዚያ ሁለት ኳኳታዎች መሀል ዓይን ለዓይን እንተያያለን። ሌላ የምናይበት ቦታ ስለሌለ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በኋላ ማታለሉም ሰለቸኝ። ወደድኩት።

እሱ ግን እያደር ራሱ መዘመሩን እየተወ ሄደ። መጀመሪያ ስንኙን ዘምሮ ያሳየኝ ነበር፤ ቀጥሎ ግማሹን፤ በመጨረሻ ኳኳታው ብቻ ቀረ። ድምፁ ሲሻክርበት «ብርድ ነው» ይላል።

«አስተማሪ ሆንክና ኮራህብን» አልኩት አንድ ቀን።

«ካውያ» አለኝ፤ ስም አውጥቶልኝ ነበር፤ «አንቺ እየቻልሽው እኔ ለምን ልድከም?»

ከዚያ ጾሙ ገባ። እኛ ጋ ከዐቢይ ጾም መግቢያ እስከ ትንሣኤ ድረስ ሃሌ ሉያ አይዘመርም። ቃሉም አብሮን ይጾማል። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀውን ይህን ነገር፣ አትሮንስ ላይ ስቆም ረሳሁት። በጾሙ የመጀመሪያ እሁድ፣ ከወንጌል በፊት፣ እጄን አሳምሬ አንሥቼ «ሃሌ ሉያ» ብዬ ለቀቅኩት። ኦርጋኑ ዝም አለ። ሕዝቡ ዝም አለ። ከፊት ያሉ አንዲት አሮጊት አማተቡ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በኋላ ደረጃው ላይ እያለቀስኩ ሲያገኘኝ አጠገቤ ተቀመጠ። «እኔም የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ብዬዋለሁ። ለዚያውም ሁለት ጊዜ» አለ። ዋሽቶ ይሁን እውነቱን እስከ ዛሬ አላውቅም። «ተርባ ትቆይ። በትንሣኤ ስትዘምሪያት ታያለሽ።»

ያን ቀን የተማርኩትን ትምህርት ከአስተማሪው በላይ ያዝኩት። አዲስ ጾመኛ ከካህኑ ይብሳል እንደሚባለው ሆንኩ። በወሬ መሀል እንኳ ቃሉ ቢያመልጠው ዓይኔን አፈጥበት ነበር። እሱ ይስቃል።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። የቤተ ክርስቲያኑን በር ስገፋው ድምፅ ሰማሁ። አትሮንሱ ጋ ብቻውን ቆሞ፣ እጁን ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች አንሥቶ፣ የትንሣኤን ሃሌ ሉያ ይዘምራል። ድምፁ ተቀዷል፤ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሊወጣ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይጀምራል።

እኔ ሞኟ! የያዝኩት መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ከበሩ ጮህኩ።

«ጾም ነው እኮ! ሦስት ሳምንት መታገስ አቃተህ?»

መሀሉ ላይ አቆመ። እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደው። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ወንበር የሚያንኳኳ ስላልነበረ ያ ዝምታ መቼ እንደሚያልቅ አላወቅኩም።

«ልክ ነሽ ካውያ» አለ። «ሕግ ሕግ ነው።»

መጽሐፉን ዘጋና እጄ ላይ አኖረው። በየስንኙ የሚተነፍስበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያደረገበት የራሱ መጽሐፍ ነበር። «አንቺ ጋ ይቀመጥ» አለኝ። እኔ ሽልማት መስሎኝ እየዘለልኩ ቤቴ ገባሁ።

እሁድ አልመጣም። ብቻዬን ዘመርኩ። ከቅዳሴ በኋላ አባን ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡ።

«ትናንት ቀዶ ሕክምና አደረጉለት ልጄ። ጉሮሮው ላይ ክፉ እጢ ነበረበት። ማንቁርቱን ከነድምፁ አወጡት።»

«ያውቅ ነበር?»

«ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ። ሐኪሙ ቀን የቆረጠለት ከትንሣኤ በፊት ነው። ለእሷ አትንገሩብኝ ብሎ አስማለን። ካወቀች ታዝንልኛለች፣ ማዘን ከጀመረች አትቆጣኝም፤ እኔ ደግሞ ስትቆጣኝ ነው ደስ የሚለኝ አለ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። በሕይወቱ የመጨረሻዋን ሃሌ ሉያ ሲዘምር በር ላይ ቆሜ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። የራሱን ፋሲካ ማንም በሌለበት አስቀድሞ ሊያከብር ቢሞክር፣ ጾም ነው ብዬ ከአፉ ነጠቅኩት።

ሆስፒታል ሄድኩ፤ ከቤተሰብ በስተቀር አይገባም አሉኝ። ቤቱ ሲመለስ ቤቱ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው እናቱ ናት። ከባሏ ሞት በኋላ አንድ ልጇን ይዛ የኖረች፣ እሁድ እሁድ ሲዘምር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራው የምትል ሴት ናት። በሩን በትከሻዋ ይዛ ቆመች።

«ማንንም ማየት አይፈልግም።»

«እማማ፣ አንድ ቃል ብቻ ልናገረውና እሄዳለሁ።»

«አንቺማ ቃል አለሽ» አለችኝ። «እሱ ነው የሌለው። ቦታውንም ወስደሽዋል። ሂጂ ልጄ።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ እጽናና ነበር። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄድኩ። በሩ አልተከፈተም።

የትንሣኤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ድረስ ቆሟል። በእጄ የተኮስኩትን ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ የእሱን መጽሐፍ ይዤ አትሮንሱ ጋ ወጣሁ። መዝሙሩን እንደምንም ዘመርኩት። የሃሌ ሉያ ተራ ሲደርስ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ኦርጋኑ ድምፁን ሰጠኝ።

አፌን ከፈትኩ። በአርባ ቀን ያልተባለው ቃል አልወጣ አለኝ። በዓይኔ የሚታየኝ አየር ላይ የቀረው እጁ ብቻ ነው። ኦርጋኑ ድጋሚ ሰጠኝ። አባ ዞረው አዩኝ። ሕፃን አለቀሰ። መጽሐፉን ዘግቼ ልወርድ ነው፤ ወስኛለሁ።

ያኔ ከኋላ፣ ድሮ እኔ ከምቀመጥበት መጨረሻ ወንበር፣ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ አንድ እጅ ተነሣ። መዳፉ ክፍት ነው፤ ደጅ የቆመ ሰው ግባ እንደሚባለው። አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሏል፤ በጣም ከስቷል፤ እናቱ ክንዱን ይዛዋለች። ሌላው ሰው ወደ እኔ ስለሚያይ ከእኔ በቀር ያየው የለም።

ተራዬን ሰጠኝ፤ ዘመርኩ። ሕዝቡ ሲቀበለኝ እጁን አወረደና፣ ማይክሮፎን በሌለበት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ሲወጡ ደረጃው ላይ ደረስኩበት። የምለውን ሁሉ ሦስት ሳምንት ሳጠና ከርሜ «ይቅር በለኝ» ከማለት በቀር ምንም አልወጣኝም። ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ጻፈ፦ «ያለቦታው ተነፈስሽ።»

እየሳቅኩ አለቀስኩ። ደብተሩን መልሶ ወሰደና ጨመረበት፦ «የዚያን ቀን ልክ ነበርሽ። ግን አልጨረስኩትም ነበር።»

በዚያው ዓመት ተጋባን። እናቱ ሠርጉ ላይ ሳመችኝ፤ ብዙም ሞቅ አላለችልኝም፣ እኔም አልፈረድኩባትም። አብረን በአንድ ቤት ኖርን። እሱ መነጽር ቤት ተመልሶ በደብተሩ ከደንበኛ ጋር እየተጨቃጨቀ ሠራ። ልምምድ ሳደርግ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ይቀመጥና ስንኙ መሀል ስደርስ ኳ ኳ ያደርግልኛል። የባሏን ድምፅ ትናፍቃለች ብለው ያዘኑልኝ ነበሩ። እኔ ጋ የባሌ ድምፅ ያ ነበር።

እግዜር ሦስት ዓመት ሰጠን። በሽታው ሳንባው ላይ ዞሮ መጣ። የሞተው በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ፍትሐቱ ላይ መዝሙሩን የመራሁት እኔ ነኝ፤ አታድርጊው ያሉኝን ሁሉ አልሰማሁም። ማረፊያው ጋ ስደርስ የሚያንኳኳ የለም። በልቤ ሁለት ቆጠርኩ። ሃሌ ሉያ የለም፤ ጾም ነው።

ከቀብር መልስ፣ ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ፣ ከሰዓት ላይ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ጠረጴዛው ጋ የእሱ ወንበር አለ። እጄን አነሣሁና የትንሣኤውን ሃሌ ሉያ፣ ያን ቀን እሱን ካቋረጥኩበት ቦታ ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው ዘመርኩት።

ዞር ስል በሩ ተከፍቶ እናቱ ቆማለች። ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል።

ጾም ነው ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

ገባች። ወንበሩን ስባ ተቀመጠችበት። እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

«ድገሚው» አለችኝ።

አንድ ጊዜ ዘመርኩላትና እጄን አነሣሁ። በለቅሶ በሻከረ ድምፅዋ ተቀበለችኝ። እሷ ስትዘምር እኔ ዝም አልኩ።