ሦስተኛው ጥያቄ

የኢዮስያስ አንገት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ጥርሱ ግን የገዛ ክንዱን ነክሶ ነበር።

ትርሲት አልገረማትም። ኢዮስያስ ኦቲዝም ያለበት የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ በአፉ ተናግሮ አያውቅም። የሚናገርለት «አንደበት» የተባለ መሣሪያ ነው፤ አንገት ላይ የሚለጠፍ፣ የነርቭና የጡንቻን ምልክት አንብቦ ወደ ድምፅ የሚለውጥ ስስ ልጥፍ። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በሚንሳፈፈው በዚህ የእንክብካቤ መኖሪያ ሃምሳ ሰው ለጥፎታል። ተንከባካቢያቸው ትርሲት ከድካም ብዛት የማንን አንገት እንደሰማች የምትረሳበት ቀን አለ።

«ራሱን መንከስ ከጀመረ አራተኛ ቀኑ ነው» አለ ኃላፊዋ አቶ ደረሰ። «ስድስት ሰዓት ላይ ዝግ ክፍል ይወርዳል።»

ዝግ ክፍል የገባ ሰው በመድኃኒት ይተኛል። እስካሁን ተመልሶ የወጣ የለም።

«ምክንያቱ ሳይታወቅ?»

«ራሱ ደህና ነኝ እያለ ምን ምክንያት አለ? ጠባይ ነው።»

«እየደማ ደህና ነኝ የሚል ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«ሚስቴን።»

ትርሲት አልሳቀችም። የአንደበቱን መዝገብ ከፈተች። በምልክቱና በድምፁ መካከል ማንም ያልጻፈው ማጣሪያ በቅሏል። አንደበት ንግግር የተማረው ከሠራተኞቹ ነው፤ በየጠዋቱ ሰላም ሲባባሉ እየሰማ። እንቅልፍ ያጣውም፣ ልጁ የታመመችበትም መጀመሪያ «ደህና» ይላል። እውነቱ የሚወጣው ጥያቄው ሲደጋገም ነው። መሣሪያው ይህን ደንብ አድርጎ ይዞታል። ኢዮስያስን ግን ማንም ደጋግሞ ጠይቆት አያውቅም።

ፊት ለፊቱ ሳይሆን እንደሚወደው ጎኑ ተቀመጠች።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ ይመስገን።»

«እውነት፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና። አንቺስ?»

«እኔን ተወኝና፣ እንዴት ነህ?»

ለሦስተኛው ጥያቄ አንደበቱ ሌላ መለሰ።

«ጥርሴ። ከታች፣ በግራ። ክንዴን ስነክስ ይቀንሳል።»

አቶ ደረሰ የጥርስ ሐኪም ጠራ። ከዚያ የዝውውር ወረቀቱን ቀደደና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ታች ዝግ ክፍል አሥራ አንድ ሰው አለ» አለ። «ሁሉም ደህና ነኝ እያሉ ነው የወረዱት።»

«ማን ነው የፈረመው?»

«እኔ። ምስክር ሆነሽ የፈረምሽው ደግሞ አንቺ።»

የትርሲት ፈረቃ ካለቀ ሁለት ሰዓት አልፏል። የዝግ ክፍሉን ቁልፍ እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች።