ከሞተሩ ላይ የጠፋው የሳሙና መያዣ

መሣሪያው የለም። ሞተሩ ላይ የቀረው የሙጫው ምልክት ብቻ ነው።

የጥገና ሠራተኛዋ ያዢኒ ጎንበስ ብላ ሞተሩን ዙሪያውን ፈለገች። የጠፋው፣ እሷ ራሷ በሳሙና መያዣ ውስጥ የገጣጠመችው፣ የሞተሩን ሙቀትና ንዝረት ያለ ሽቦ ወደ ስልኳ የሚልክ ርካሽ መሣሪያ ነበር። የፈትል ፋብሪካው ባለቤት ራንጋሳሚ ዛሬ አይተው ካልወደዱት ውዱን የውጭ አገር ዕቃ ይገዛሉ፤ እሷም ትሰናበታለች። ቀኑ ደግሞ የአዩዳ ፑጃ በዓል ነው። በዚህ ቀን በሕንዷ ኮይምባቶር ከተማ ማሽን ሁሉ ያርፋል፣ የሥራ ዕቃ ሁሉ ታጥቦ ይባረካል።

የጥበቃ አለቃው ሙቱቬል ደስታውን መደበቅ አቃተው። ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፤ እዚህ ከገባ ወዲህ ከድመት በቀር የያዘው ሌባ የለም።

መጀመሪያ የውጭውን ዕቃ ሻጭ ኪሾርን ያዘ።

«ቦርሳህን ክፈት!»

«ምሳዬ ነው እኮ!»

«ክፈት አልኩህ!»

የሎሚ ሩዝ ነበር። ሙቱቬል ለምርመራ ያህል ቀመሰው፤ ደግሞም ቀመሰው።

ቀጥሎ የዚያው ሞተር ሠራተኛ ፓላኒ ቀረበ። መሣሪያውን «አሳባቂ» እያለ ሲረግም የከረመ ሰው ነው።

«ሰረቅኸው አይደል?»

«ሰርቄ ከሆነ እጄን ይቁረጠው!»

በዚህ መሃል የያዢኒ ስልክ ጮኸ። መሣሪያው ይልካል! ይንቀጠቀጣል፣ ያርፋል፣ ይንቀጠቀጣል። ከግቢው ከወጣ ደግሞ መላክ አይችልም።

«ሞተሩ ሁሉ ቆሟል፤ ታዲያ ምን እየነቀነቀው ነው?» አለች።

ከአዳራሹ የጸሎት ደወል ይሰማ ነበር። ደወሉ ዝም ሲል ስልኩም ዝም አለ። ሙቱቬል ሩዙን ጥሎ ወደ አዳራሹ ሮጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

በእናት አምላካቸው በሳራስዋቲ ምስል ፊት፣ ከደወሉ ሥር፣ በመፍቻና በመዶሻ መሃል፣ የሳሙና መያዣው የሰንደል ቅባት ተቀብቶ፣ አበባ አጥልቆ ተቀምጧል። ለበረከት የቀረበ ዕቃ እስከ ነገ አይነሳም። ያዢኒ እንባዋ መጣ። ራንጋሳሚም በዚያው ቅጽበት ገቡ።

«አልሰረቅሁም፤ አስባረክሁት እንጂ!» አለ ፓላኒ። ሙቱቬል ሲያፈጥበት ግን ድምፁ ቀነሰ። «እሺ... እናታችን የዚህን አሳባቂ አፍ እንድትዘጋልኝ ተስዬ ነው።»

«አጠብኸው?» አሉ ራንጋሳሚ።

«በደንብ ነዋ! በባልዲ ነክሬ!»

ራንጋሳሚ ወደ ኪሾር ዞሩ። «የእናንተስ ይነከራል?»

«ኧረ ጌታዬ፣ እርጥብ እጅም አይነካውም!»

ራንጋሳሚ ደወሉን ራሳቸው መቱት። የያዢኒ ስልክ ጮኸ። ደግመው መቱት፣ እንደ ልጅ ሳቁ። «ለሞተሩ ሁሉ ሥሪልኝ፣ ልጄ» አሏት። ያዢኒ አሁን ከደስታ አለቀሰች።

ከዚያ ስልኩን ተቀብለው የቆየውን መዝገብ ወደ ኋላ ሲመለከቱ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ይሄ ሞተር በየቀኑ ከምሳ በኋላ የሚቆመው ለምንድን ነው?»

ሁሉም ወደ ፓላኒ ዞረ። ሙቱቬል በስንት ጊዜው ያገኘውን እውነተኛ ወንጀለኛ ክንዱን ጨበጠው።

ፓላኒ ግን የሚያየው ምስሉን ነበር። «እናቴ፣ ያን ሁሉ አበባ ተቀብለሽ?» አላት።