ብረት ያልነካው ኮቴ

በአርዳም ምድር ያሉ ምንጮች ሁሉ በአንድ ማለዳ ጨው ሆኑ። ውኃ ልትቀዳ የወረደች ሴት እንስራዋን ጥላ ጮኸች፤ ከብቶችም ከወንዙ ዳር አፋቸውን አንሥተው እያገሡ ተመለሱ። በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ለትውልድ ተሰቅሎ የኖረው የዝናብ ቀንድ፥ ደመናን ከአራቱ ማዕዘን የሚጠራው ቀንድ፥ ከቦታው ታጣ። በምትኩ እንደ ጥቁር መስተዋት የሚያብረቀርቅ ስባሪ ቅርፊት ወድቆ ተገኘ። ቅርፊቱን ያየ ሁሉ የሌባውን ማንነት ዐወቀ። በባልጩት ጋራ ጫፍ የሚኖረው፥ ሆዱ ፍም የሆነ ዐይነ ስውሩ ዘንዶ፥ ሰጋት ነበር።

ሰጋት አያይም፤ የብረትን ድምፅ ግን ከተራራ ማዶ ይሰማል። ሰይፍ ታጥቆ፥ ወይም ኮቴው በብረት የተጫማ ፈረስ ጋልቦ ወደዚያ የወጣ ጀግና ሁሉ ዐፅሙ በዚያው ቀርቷል። ስለዚህም የጥንት አባቶች «ከሰጋት እጅ የሚያድነን ብረት ያልተመታበት ኮቴ ነው» ሲሉ ተንብየው ነበር። በአርዳም ግን ፈረስ ገና በውርንጭላነቱ ብረት ይመታበታል። ባዶ ኮቴውን የሚረግጥ ፈረስ በመላው መንግሥት አንድ ብቻ ተገኘ፤ ነጎዳ የተባለ ወጣት ዳማ።

ነጎዳን ያሳደገው የንጉሡ ባልደራስ ዘርጋው ነው። እናቱ በሞተች ጊዜ የፍየል ወተት አጠጣው፤ ኮቴውን እያነሣ፥ እየዳሰሰ፥ እየሞረደ አቆመው። አንጥረኞቹ «ምነው ብረት ብታደርግለት?» ሲሉት፥ «ይህን የመሰለ ኮቴ ሰንሰለት አይገባውም» እያለ ይመልሳቸው ነበር።

ንጉሥ ጽንዐ ባልደራሱን አስጠርተው «ፈረሱ ጋራውን ይወጣል?» ብለው ጠየቁት።

«ይወጣል፥ ንጉሥ ሆይ። ተረከዙ ሰፊ፥ ወለሉ ደንዳና፥ ዙሪያው ስንጥቅ የሌለበት ነው። ዳሩ ግን አጥንቱ ገና አልጠናም፤ ከባድ ሰው ቢጫነው ይጎዳል። ጋላቢው ቀላል ሰው ይሁን።»

ንጉሡ የዘርጋውን ሰፊ ደረት ተመለከቱ፤ ከዚያም ዐይናቸው ከጎኑ በቆመው ቀጭን ጎልማሳ፥ በታናሽ ወንድሙ በልጅዓለም ላይ ዐረፈ።

«እንግዲያስ ልጅዓለም ይጋልበው» አሉ።

ዘርጋው እውነቱን ተናግሮ በገዛ አፉ ከኮርቻው ወረደ። በአርዳም ሕግ ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው፤ ስሙም ለጋላቢው እንጂ ላሳዳጊው አይደለም። ቀንዱ ቢመለስ ልጅዓለም «አባ ነጎዳ» ተብሎ ለዘለዓለም ይወደሳል፤ ዘርጋው ግን ዘርጋው እንደሆነ ይቀራል። ይባስ ብሎም ኮቴ ጠባቂ ሆኖ እንዲከተል ታዘዘ። የነጎዳን እግር አንሥቶ በአደባባዩ ፊት ማለ፤

«ኮቴው ቢሰነጠቅ አጥንቴ ይሰንጠቅ!»

መንገድ የምትመራቸው ትርንጎ የምትባል የገደል ማር ቆራጭ ነበረች። ምላሷ እንደ ንቧ ነው። በየመንደሩ ሴቶች እልል እያሉ «አባ ነጎዳ! አባ ነጎዳ!» ብለው ልጅዓለምን ሲቀበሉት፥ ዘርጋው ከፈረሱ ጭራ ኋላ ትቢያ እየቃመ ሲከተል፥ ዘወር ብላ ታየዋለች።

«አያ ዘርጋው፥ ምነው ሎሚ የመጠጥህ መሰልህ?»

«ፀሐዩ ነው።»

«ፀሐዩማ ለሁላችን ወጥቷል።»

እልልታውን በሰማ ቁጥር በደረቱ ውስጥ አንዳች ነገር እንደ ሞረድ ይፍቀው ነበር። ልጅዓለምን በጀርባው አዝሎ ያሳደገው እርሱ ነው፤ ይወደዋልም። መውደዱ ግን ቅናቱን አላበረደለትም።

ከባልጩት ጋራ ግርጌ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ብረት አይወጣምና ቢላውና ሞረዱ እዚያው ሊቀበሩ፥ ኮቴውም ለመጨረሻ ጊዜ ሊስተካከል ይገባ ነበር። ዘርጋው በቀትር ሸለብ አድርጎት ሲነቃ ልጅዓለም ሥራውን ጨርሶ ላቡን ሲጠርግ አገኘው።

«ጋሼ፥ ደክመዋል ብዬ እኔው ሠራሁት። ይመልከቱልኝ እስቲ!»

ዘርጋው የነጎዳን እግር አነሣ። ልጁ ያየው የአንጥረኞቹን እጅ ብቻ ስለሆነ፥ ለብረት እንደሚዘጋጅ ኮቴ ወለሉን ነጭ እስኪሆን ፍቆታል፤ ዳሩንም ጠርዙ እስኪሰላ አስተካክሎ ቆርጦታል። በባዶ ኮቴ ለሚሄድ ፈረስ ይህ ጥፋት ነው። የደነደነው ወለል ጋሻው ነበር፤ ዳሩም ድንጋይ እንዳይፈነቅለው ክብ ሆኖ መሞረድ ነበረበት። አሁንም መላ አለው፤ ዳሩን ክብ አድርጎ መሞረድ፥ ወለሉ እስኪደነድን እዚያው መሰንበት።

ዘርጋው ሊናገር አፉን ከፈተ። ልጅዓለም ግን እየሳቀ፥

«በሉ እንጂ ጋሼ፤ "ግሩም ሠራህ፥ አባ ነጎዳ" ይበሉኝ!» አለው።

ዘርጋው ኮቴውን መሬት ላይ መልሶ አስቀመጠ። ወንድሙ ይሙት አላለም፤ ይውደቅም አላለም። ፈረሱ ጥቂት ያነክስና የማን እጅ እንደጎደለው ይወቅ፥ አለ በልቡ። ኮቴ ጠባቂ ኮቴው ደኅና ነው ሲል የሚናገረውንም የሕግ ቃል ተናገረ፤

«ጸንቷል።»

በማግስቱ ብረቱን ቀብረው ወጡ። ባልጩቱ ከእግራቸው ሥር እንደ ምላጭ ነበር። ከጋራው ወገብ ሳይደርሱ ነጎዳ ቆመ፤ የፊት ግራ እግሩን አንጠልጥሎ ተንቀጠቀጠ። ዳሩ ተፈንቅሏል፥ ስንጥቁ ወደ ላይ ወጥቷል፥ ከተፋቀው ወለል ደም ይንጠባጠባል።

ልጅዓለም ወርዶ ፊቱን በመዳፉ መታ። «እኔ ነኝ! ጋሼ፥ እኔ ነኝ የገደልሁት!»

ትርንጎ ግን ወደ ዘርጋው ዞረች። «ትናንት "ጸንቷል" ያልኸው የየትኛውን ፈረስ ኮቴ ነበር?»

ዘርጋው ከነጎዳ እግር ሥር ተንበረከከ። ስለታም የባልጩት ስባሪ አነሣ፤ መዳፉ እየተቆረጠ የተፈነቀለውን ዳር በትንሽ በትንሹ ቀረፈ፥ በሻካራ ድንጋይ ክብ አድርጎ ሞረደው። መታጠቂያውን ቆርጦ ከኮቴው ሥር ደልድሎ አሰረው። ነጎዳ እግሩን አሳረፈ።

«በዝግታ ይሄዳል» አለ። «ከሰጋት ግን አያመልጥም። ስለዚህ ሰጋት ሌላ ስፍራ ሊጠራ ይገባል። ብረቱ ከታች ነው።»

ልጅዓለም ክንዱን ያዘው። «አይሄዱም፥ ጋሼ! ፈረሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ!»

«አላበላሸኸውም። አይቼ ነበር።»

ልጅዓለም እጁን ለቀቀው። ዘርጋው ወደ ኋላ ሳይመለከት ቁልቁል ወረደ።

በግርጌው ቆፍሮ ቢላውንና ሞረዱን አወጣ፤ እርስ በርስ አጋጫቸው። ጋራው ጮኸ። ሰጋት ከዋሻው ወጥቶ እንደ ጥቁር ፏፏቴ ወደ ታች ጎረፈ፤ በትንፋሹ ድንጋዩ ቀላ። ዘርጋው አልሸሸም፤ «ወደዚህ፥ ዕውሩ!» እያለ ብረቱን መታ። ያን ጊዜ ነጎዳ እያነከሰ ባዶውን ዋሻ ገባ፤ ልጅዓለም ቀንዱን አንሥቶ ነፋ።

ዝናቡ ወረደ። የፍም ቅርፊት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ተሰነጣጠቀ፤ ሰጋት እንደ ጋለ ሸክላ ፈነዳ። ሲወድቅም ጅራቱ የዘርጋውን ግራ እግር ከጉልበቱ በታች አደቀቀው። በመሐላው መሠረት አጥንቱ ተሰነጠቀ።

ምንጮቹ ጣፈጡ። ከወራት በኋላ፥ የዘርጋው ቁስል ሲድን፥ በአደባባዩ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ንጉሥ ጽንዐም የወርቅ ካባ ለልጅዓለም ደርበው «አባ ነጎዳ!» ብለው ጠሩት።

ልጅዓለም ፊቱን አዞረ። በምርኩዝ ወደ ቆመው፥ አንድ እግሩ ወደ ተቆረጠው ወንድሙ እያየ፥ «ንጉሥ ሆይ፥ ስሙ ለእርሳቸው ይገባል» አለ።

ዘርጋው ስሙን በሕልሙ ስንት ጊዜ ሰምቶታል! አሁን ዝም ቢል የእርሱ ይሆናል። በጋራው ግርጌም ዝም ብሎ ነበር።

ምርኩዙን እያንኳኳ ወደ ነጎዳ ሄደ፤ አዲስ የበቀለውን የኮቴ ዳር በጣቱ ዳሰሰ፥ ሞረዱንም ከመታጠቂያው መዘዘ።

«አባ ነጎዳ» ሲል ወንድሙን ጠራው። ስሙ በአፉ ውስጥ እንደ ኮሶ መረረው፤ ዋጠው። «ና፥ እግሩን ያዝልኝ። እኔ እንግዲህ ጉልበት የለኝም።»

ልጅዓለም በወርቅ ካባው ትቢያ ላይ ተንበርክኮ ኮቴውን በጭኑ ላይ አሳረፈ። ራሱን አቀርቅሮ ነበር።

«አታቀርቅር» አለው ዘርጋው፥ ሞረዱን በዳሩ ላይ እያዞረ። «እይ፤ ያየኸውንም ተናገር።»